የሰላምታ ቀመር

ሰላምታ ስንት ዲግሪ ነው ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ሳትመልሱለት መንገድ ቀይሩ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። አሁን ትቻለሁ፤ የተውኩት ግን ተመክሬ ሳይሆን ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ተዋርጄ ነው። ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ባለው ዓመት ስለሆነ ቆይቷል። አምቦ ውስጥ ግን አሁንም የሚያወሩት ሰዎች አሉ፤ እየጨመሩም ነው የሚያወሩት። ስለዚህ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ያኔ አምቦ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ትውልዴ ጊንጪ ነው። ጊንጪ ያደገ ሰው አውቶቡስ ሲያልፍ እያየ ስለሚያድግ ሁልጊዜ ሩቅ አገር መሄድ ያምረዋል፤ እኔ የደረስኩት አምቦ ድረስ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጓደኛዬ ቶለሳ ፎቶ ቤት እሠራለሁ። ቶለሳ ሠርግ ይቀርጻል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ አቀናብራለሁ። በዚያ ዘመን የሠርግ ቪዲዮ ማለት ልብ የሚበርበት፣ ጽጌረዳ የሚዘንብበት፣ የሙሽራዋ ስም ከፏፏቴ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚወጣበት ነገር ነበር። አንድ ጊዜ ሙሽሮቹን ጨረቃ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ የሙሽራው እናት "ልጄን ምነው ብርድ ላይ አወጣኸው?" ብለው ተቀየሙኝ።

አንድ ቀን የአኒሜሽኑን ሶፍትዌር ስጎረጉር አንድ ጉድ አገኘሁ። ለካ የአንድን ነገር ቦታ፣ መጠን ወይም መዞር የሚወስነው ቁጥር ላይ በቁጥሩ ፋንታ የሒሳብ ቀመር መጻፍ ይቻላል! ኤክስፕሬሽን ይሉታል። ጊዜን በሠላሳ አባዛ ብላችሁ ከጻፋችሁ ቀለበቱ ራሱ ይሽከረከራል። ሳይን ብላችሁ ከጻፋችሁ ጽጌረዳው ከፍ ዝቅ ይላል፤ እጃችሁን ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። አራት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ሳይን ለምን ይጠቅማል?" ሲሉኝ "ለፈተና" እያልኩ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ወንበሬ ላይ ሆኜ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ ሳይን ያላደረግኩበት ነገር የለም። ጽጌረዳውን፣ ስሙን፣ ቀለበቱን፣ በመጨረሻም ኬኩን። ኬኩ መተንፈስ ጀመረ።

ቶለሳ አይቶ "ኬኩ ታሟል እንዴ?" አለኝ።

"ሕይወት ዘራሁበት እኮ!"

"ኬክ ሕይወት ምን ያደርግለታል? ሊበላ ነው።"

ቶለሳ ካሜራ እንጂ ሒሳብ አይወድም፤ ስለዚህ አልተቀየምኩትም።

ጣጣው የመጣው ግን በሳይን ብቻ አይደለም፤ በቢፍቱም ጭምር ነው። ቢፍቱ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ሁለት ዓመት ያህል እንዋደድ ነበር፤ በግልጽ ለመናገር፣ እሷን ሳስብ ሰሌዳ ላይ የጀመርኩትን ጥያቄ ሳልጨርስ ደወል ይደወል ነበር። ሽማግሌ ለመላክ ያላስደፈሩኝ አባቷ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ኦቦ ገመቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ረጅም፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ፣ ሰውን የሚመዝኑት ደግሞ በአንድ ነገር ብቻ፣ በሰላምታው። ከእኔ በፊት ቢፍቱን የጠየቀ አንድ የተማረ መልከ መልካም ሰው ነበር አሉ። አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ሰላም አላቸው። ከዚያ ወዲያ ያንን ሰው ያ ሰፈር አላየውም።

እኔስ? እኔ መጀመሪያ ያገኘኋቸው የቶለሳን ሞኒተር ተሸክሜ ወደ ጥገና ስወስድ ነው። ያ የድሮው ሞኒተር፣ ከኋላው ትልቅ ሆድ ያለው፣ የአንድ ሙክት ክብደት ያለው። እጅ መስጠት አልቻልኩም። ማጎንበስም አልቻልኩም፤ ባጎነብስ ሞኒተሩ እግራቸው ላይ ይወድቃል። የቻልኩት አገጬን ወደ ላይ መነቅነቅ ብቻ ነው። አገጭ ወደ ላይ! እንደዚያ ያለ ሰላምታ ኳስ ሜዳ ላይ ለእኩያ እንኳ ያጣላል። ኦቦ ገመቹ ቤታቸው ገብተው "ያ ቴሌቪዥን ተሸክሞ የሚዞር ጥጋበኛ የማን ልጅ ነው?" ብለው እንደጠየቁ ቢፍቱ ነገረችኝ። ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ።

በዚህ መሃል የቢፍቱ ታላቅ እህት ለሊሴ ልታገባ ሆነ፤ ቪዲዮውን ደግሞ ቶለሳ ያዘው። ቢፍቱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

"ስማኝ፣ ይሄ አንድ ዕድልህ ነው" አለችኝ። "አሳምረህ ከሠራኸው አባቴ ስምህን ያነሳል፤ ያኔ እኔ ስለ አንተ እነግረዋለሁ። ካበላሸኸው ግን እኔም የምናገርበት አፍ የለኝም፤ አንተም ሽማግሌህን ይዘህ ጊንጪ ትመለሳለህ።"

"አላበላሽም።"

"ኬክ እንዳታስተነፍስ ደግሞ።"

ቶለሳ ነግሯታል ማለት ነው። ወዳጅ እንዲህ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ልብ አብርሮ ሥራውን ያስረክብ ነበር። እኔ ግን አሰብኩ፣ ማሰቤ ነው የጎዳኝ። ሰውየው ሰላምታ ይወዳሉ አይደል? ሰላምታ እሠራላቸዋለሁ! የቤተሰቡን ሰው ሁሉ ሙሉ ቁመቱን ፎቶ አንስቼ፣ መጀመሪያ አያትየው ኦቦ ዋቅጅራ ብቻቸውን ቆመው ይታያሉ፤ ከዚያ ሌሎቹ በየተራ እየገቡ፣ እጅ እየነሱ ይሰለፋሉ። ለማጎንበስ የሚታጠፍ ወገብ ያስፈልጋልና ፎቶዎቹን በሙሉ ወገባቸው ላይ ቆረጥኳቸው። ቶለሳ ሲገባ ሃያ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ለሁለት ተቆርጠው ስክሪኑ ላይ ተዘርግተው አገኘና በሩን ከውስጥ ዘጋው።

"የሰው ዘመድ ምን አድርገህ ነው?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አስረዳሁት። ታናሽ ለታላቅ እንደ ዕድሜው ልክ ማጎንበስ አለበት። ሃያ ሦስት ሰው እርስ በርሱ ሰላም ሲባባል ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት ሰላምታ ነው። ያን ሁሉ በእጅ የሚያስተካክል ሰው ራሱ ጎብጦ ይቀራል፤ ቀመር ግን አይጎብጥም። ታናሹ አሥራ አምስት ዲግሪ ያጎነብሳል፤ በዚያ ላይ ታላቁ ለሚበልጠው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዲግሪ ይጨመራል። የሰባት ዓመት ልጅ ለዘጠና ሁለት ዓመት አያቱ መቶ ዲግሪ ያጎነብሳል፤ አፍንጫው ጉልበቱ ላይ ይደርሳል፤ አስተዳደግ ማለት ይሄ ነው። ፍጥነቱን ለማግኘት ደግሞ ስልሳን ለዕድሜ ልዩነታቸው አካፈልኩ። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ቀስ ብሎ፣ በእርጋታ፤ ጠባብ ሲሆን ቶሎ ቶሎ፣ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያደርገው። ሳይኑ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቀመሩ ሁሉንም ያውቃል፤ እኔ ዕድሜያቸውን ብቻ እነግረዋለሁ።

"በእጅ ብታደርገው አይሻልም?" አለ ቶለሳ።

"አይሻልም።"

"እሺ፤ እኔ የለሁበትም።"

የቀረው ዕድሜ መሰብሰብ ነበር። ሰው ዕድሜውን ያውቃል ብሎ የሚያስብ፣ ዕድሜ ጠይቆ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ኦቦ ዋቅጅራ ሀገረ ሕይወት የሚል፣ የአምቦ የድሮ ስም የተጻፈበት ማኅተም ያለበት የጥንት ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ፤ የዕድሜው ቦታ በእጥፋቱ ላይ አልቆ ተበስቷል። "ጣልያን ሲገባ ሚስት እፈልግ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ተነስቼ ዘጠና ሁለት አደረግኳቸው። ጎጆ የሚባለው አገር ያሉት ታናሽ ወንድማቸው ድንች እያስቆፈሩ ነው አሉኝ።

ይቅርታ፣ የማን ታናሽ እንደሆኑ አልነገርኳችሁም። የኦቦ ገመቹ ታናሽ ወንድም ኦቦ ድሪባ ገበሬ ናቸው፤ ጎጆ፣ እዚያ ብርዱ አገር ይኖራሉ። በስልክ "ሃምሳ ስምንት ነኝ፣ ምነው?" አሉኝ፤ ንፋሱ ከድምፃቸው በላይ ይሰማ ነበር። ጻፍኩ። የቢፍቱ መንታ አክስቶች ነበሩ፤ አዴ ብርቄና አዴ አየለች፤ ሁለቱም አርባ አምስት። ልዩነታቸው ዜሮ ነው። ስልሳን ለዜሮ! ሶፍትዌሩ ቀይ ምልክት አውጥቶ እንቢ አለ። በየቀኑ "ለዜሮ ማካፈል ክልክል ነው" እያልኩ የተማሪ ጆሮ የምጎትት ሰው ስለነበርኩ ፊቴ ቀላ። ተመልሼ ሄጄ ከመንታዎቹ ማን እንደምትበልጥ ጠየቅኩ።

"እኔ ነኛ!" አሉ አዴ ብርቄ። "በግማሽ ሰዓት።"

"በግማሽ ሰዓት ደግሞ ብልጫ አለ እንዴ?" አሉ አዴ አየለች።

"ስትወለጂ እዚያው ነበርኩ፤ አይቼሻለሁ!"

ግማሽ ሰዓትን ወደ ዓመት ለወጥኩና ከነጥብ በኋላ ብዙ ዜሮ ያለበት ቁጥር አስገባሁ። ቀዩ ምልክት ጠፋ፤ እኔም በችሎታዬ ኮራሁ። ስልሳ ለዚያች ቁጥር ሲካፈል ፍጥነቱ ከሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ማስላት አልመጣልኝም።

ኦቦ ገመቹን ለመጠየቅ ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሄድኩ። ዘጠና ዲግሪ ያህል አጎንብሼ ገባሁ፤ ሞኒተር አልያዝኩማ። ከኃላፊያቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ለቪዲዮው ዕድሜያቸው እንደሚያስፈልግ ስነግራቸው ኃላፊያቸውን አየት አደረጉ፤ ከዚያ "ሃምሳ ሁለት" አሉኝ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። ሃምሳ ሁለት ብዬ የዕድሜ ሠንጠረዤ ላይ ጻፍኩ። እናንተ አሁን ነቅታችኋል፤ እኔ አልነቃሁም። የመንግሥት ሠራተኛ አንዳንዴ የቤት ዕድሜና የቢሮ ዕድሜ እንዳለው፣ የቢሮው ጡረታ እንዳይደርስ ወደ ኋላ እንደሚቀር ሁሉም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ያን ቀን ግን የማስበው ስለ ቢፍቱ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ድፍረት ሠራሁ። ቶለሳ ሁልጊዜ "ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ቪዲዮው ውስጥ አይገባም" ይላል። እኔ ግን በሰልፉ መጨረሻ ላይ፣ ከቤተሰቡ ትንሽ ፈንጠር አድርጌ፣ ሃያ አራተኛ አድርጌ ራሴን አስገባሁ። ገብቼ ለኦቦ ገመቹ አርባ ዲግሪ ላጎነብስ። ያቺን የአገጭ ሰላምታ ዕዳ በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ልከፍል። በቃ፣ ሌላ ምኞት አልነበረኝም። ሠንጠረዡ ላይ ስሜን ጻፍኩና ከጎኑ 1974 ብዬ ሞላሁ።

ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነበር። 1974 የተወለድኩበት ዓመት ነው። አስተማሪ በዓመት ስንት ፎርም እንደሚሞላ የምታውቁ ትፈርዱልኛላችሁ፤ የሌላውን ዕድሜ ጠይቄ እጽፋለሁ፣ ስሜ ሲመጣ ግን እጄ ከእኔ ሳይማከር የትውልድ ዘመኔን ይሞላል። ቀመሩ አልጠየቀኝም። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ ብሎ ተቀበለኝ።

የመልሱ ዕለት ጠዋት ኮምፒውተሩ ቪዲዮውን ሲያዘጋጅ መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ሊያልቅ ሲል ቶለሳ ደጅ ላይ መኪና ውስጥ ሆኖ ጥሩምባ ይነፋል። ዲቪዲው ላይ ከገለበጥኩ በኋላ የመጀመሪያዋን ሩብ ደቂቃ ብቻ አየሁ፤ ኦቦ ዋቅጅራ ቆመዋል፣ የልጅ ልጃቸው ይገባል፣ አፍንጫው ጉልበቱ ላይ ይደርሳል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይዤ ሮጥኩ።

ኦቦ ገመቹ ግቢ ድንኳን ተጥሏል፤ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል፤ ከትምህርት ቤት የተዋስኩት ፕሮጀክተር ተደቅኗል። ለስላሳው ተደርድሯል፣ መዘምራኑ አንድ ጥግ ይዘዋል። በዚያ ቤት ልማድ ታላቅ ሰው ሳይመርቅ ማንም እጁን ማዕድ ላይ አያሳርፍም፤ ስለዚህ ኦቦ ዋቅጅራ ቪዲዮው እንዳለቀ ሊመርቁ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ኦቦ ገመቹ፣ ኦቦ ድሪባና የኦቦ ገመቹ ኃላፊ አሉ። ቢፍቱ ከእህቷ ከሙሽራዋ ኋላ ቆማ ከሩቅ በዓይኗ "አይዞህ" አለችኝ።

አያትየው አንሶላው ላይ ሲታዩ ጭብጨባ ሆነ። ሕፃኑ ገብቶ ሲያጎነብስ እልልታው ቀለጠ። ኦቦ ገመቹ ፈገግ አሉ! ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው "ይሄ ሥርዓት የሚያውቅ ልጅ ነው" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እዚያ ላይ መብራት ቢሄድ ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር! ጠዋት ሁለት ጊዜ የሄደ መብራት ያኔ ፀጥ ብሎ በራ።

አዴ ብርቄ ገብተው ቆሙ። አዴ አየለች ቀጥለው ገቡና በግማሽ ሰዓት ለሚበልጧቸው ለታላቃቸው እጅ ይነሱ ጀመር። ይነሱ ጀመር ማለት ይከብደኛል፤ ከወገባቸው በላይ ጠፉ። አንድ ጊዜ ግራ፣ አንድ ጊዜ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ሁለቱም ቦታ ላይ ነበሩ። ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳ። ከመዘምራኑ አንዷ እህት ብድግ ብላ እጇን ወደ አንሶላው ዘርግታ "በኢየሱስ ስም፣ ልቀቃት!" ብላ ጮኸች።

እውነተኛዋ አዴ አየለች "ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ እዚህ ነኝ!" ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

አዴ ብርቄ ግን እጃቸውን አጣምረው "አየሽ? ስንት ዓመት ሙሉ ነው ታላቅሽ ነኝ ያልኩሽ!" አሉ።

ማስቆም አይቻልም ነበር ወይ ትሉኛላችሁ። ማጫወቻው ያለው ከኦቦ ዋቅጅራ ወንበር ሥር ነው፤ እዚያ ለመድረስ በኦቦ ገመቹ ፊት ማለፍ አለብኝ። ላልፍ አንድ እግሬን ሳነሳ ኦቦ ድሪባ አንሶላው ላይ ገቡ። ቀጥለው ኦቦ ገመቹ ገቡ። ገብተውም ለታናሽ ወንድማቸው ቶሎ ቶሎ፣ ቶሎ ቶሎ ያጎነብሱ ጀመር። ኦቦ ድሪባ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ኦቦ ገመቹ ግን ወጥ የረገጡ ይመስል ይቅርታ በይቅርታ ሆኑ።

እግሬን መለስኩት።

ኃላፊው ቀስ ብለው ዞሩ። "ኦቦ ገመቹ፣ ወንድምህ ታላቅህ ነው እንዴ? ታናሼ ነው ስትል የሰማሁ መሰለኝ።"

የኦቦ ገመቹን ፊት እስከዛሬ አልረሳውም። ታናሼ ነው ቢሉ፣ ሃምሳ ስምንት ነኝ የሚለው ድሪባ አጠገባቸው አለና ሃምሳ ሁለት የሚለው የቢሮ ዕድሜ ይፈርሳል፤ ታላቄ ነው ቢሉ አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። አንድ ጊዜ አባታቸውን፣ አንድ ጊዜ ኃላፊያቸውን፣ ለረጅም ጊዜ ደግሞ እኔን አዩኝ።

"አ... አዎ" አሉ በመጨረሻ።

ኦቦ ድሪባ ይሄን ቀን ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የጠበቁት ይመስል ነበር። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። "እንግዲያ ገመቹ፣ ታናሽ ነው የሚያስታጥበው። ማስታጠቢያውን አምጣልኝማ!"

ኃላፊው ያያሉ። ኦቦ ገመቹ ተነሱ። ማንቆርቆሪያውን አንስተው፣ በዚያ በማይወልቀው ኮታቸው እንደቆሙ፣ ታናሽ ወንድማቸውን አስታጠቡ። ኦቦ ድሪባ አልቸኮሉም፤ እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ "ትንሽ ጨምር" እያሉ። የሚወርደው ውሃ የእኔ ተስፋ ነበር። ቢፍቱን ፈለግኳት፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ጊንጪ የሚሄደው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ማሰብ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ነው እኔ አንሶላው ላይ የገባሁት።

ገብቼ ቆምኩ። አላጎነበስኩም። ለምን እንደማላጎነብስ ሳይገባኝ ከአያትየው ጀምሮ ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ ማጎንበስ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ በታላቅ እርጋታ። ኦቦ ዋቅጅራ፣ ኦቦ ገመቹ፣ ኦቦ ድሪባ፣ ሙሽራዋ፣ ሙሽራው፣ ሕፃኑ። ጭንቅላታቸው ጉልበታቸው ላይ ደረሰ፤ አልቆመም። በእግራቸው መሃል ሾልኮ አለፈ፤ አልቆመም። በጀርባቸው በኩል ዞሮ ተመልሶ ወጣ፤ እንደገና ወረደ። ሃያ ሦስት ዘመድ ቀስ ብሎ፣ በፍጹም አክብሮት፣ ወገቡ ላይ እንደ ጎማ ሲሽከረከር እኔ በሰማያዊ ሸሚዜ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ። ሁለተኛው ዙር መሃል ላይ ጭንቅላታቸው ቁልቁል እንደተዘቀዘቀ ጊዜው አለቀና ምስሉ ቆመ። ከላያቸው በወርቅማ ፊደል፣ በሳይን ከፍ ዝቅ እያለ፣ "መልካም ጋብቻ" የሚል ጽሑፍ መጣ።

ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ። ዞሬ ሳይ ኦቦ ገመቹ ናቸው! ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ፣ ውሃው እግራቸው ላይ እየፈሰሰ፣ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

"አያችሁ?" አሉ ወደ ኃላፊያቸውና ወደ ሰዉ ዞረው። "አያችሁ የዚህ ልጅ ስሌት? እኔን የድሪባ ታናሽ ያደረገኝ ይሄው ኮምፒውተር ነው! አባቴን ለዚህ ልጅ ሲያገለባብጥ አላያችሁም?"

"ቅድም አዎ አልከኝ እኮ" አሉ ኃላፊው።

"የሰው ሥራ ላለማዋረድ ነዋ!"

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ቅሌቴ ኦቦ ገመቹን አተረፋቸው። ኮምፒውተሩ አብዷል ከተባለ ያየነው ሁሉ እብደት ነው፤ የቢሮ ዕድሜያቸውም ባለበት ጸና። ኦቦ ድሪባ ብቻ የታጠበ እጃቸውን እያዩ "እኔ ግን በደንብ ነው ያየሁት" ይሉ ነበር።

ኦቦ ዋቅጅራ ከዘራቸውን መሬት መታ መታ አደረጉ። በጣታቸው ጠሩኝና ቀረብኩ።

"ኮምፒውተሩ ዕድሜህን ስንት አለ?"

"አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት፣ አባባ። ስህተት ነው፣ እኔ..."

"ጌታ በምድር ሳለ ልጅ ነበርክ ማለት ነው። አይተኸዋል?"

"አላየሁትም፣ አባባ።"

"ጊንጪ ሆነህ ነዋ።" ወደ ሰዉ ዞሩ። "በዚህ ቤት ታላቅ ተቀምጦ ታናሽ አይመርቅም። እኔ ዘጠና ሁለት ብቻ ነኝ። ማዕዱ እየቀዘቀዘ ነው፤ ይመርቅ!"

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቁም። ሙሽሮቹን አምጥተው ፊቴ አቆሙልኝ። በዚያ አገር ምርቃት መራቂው አንድ ይላል፣ ሰዉ "ሃ ተኡ!" ብሎ ይመልሳል፤ ይሁን ማለት ነው። ሁሉም እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። በጭንቅላቴ ውስጥ ግን ከሒሳብ በቀር አንዲት ቃል የለችም። እጄን ዘርግቼ ጀመርኩ።

"ደስታችሁ ይደመር!"

"ሃ ተኡ!"

"ሀዘናችሁ ይቀነስ!"

"ሃ ተኡ!"

"ዘራችሁ ይባዛ!"

"ሃ ተኡ!" እልልታም ተጨመረ። ልቤ ሞቀ።

"ያላችሁን ለሁሉም አካፍሉ!" አልኩ፤ አሁን ድምፄ እንደ እውነተኛ ሽማግሌ ጎርነን ብሏል።

"ሃ ተኡ!"

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ማካፈል የሚለውን ቃል ከተናገርኩ በኋላ ግን አፌ በልማድ ራሱ ቀጠለ። "ለዜሮ ብቻ እንዳታካፍሉ!"

"ሃ ተኡ!" አለ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ። አዴ አየለች ሳይቀሩ።

ስንበላ ኃላፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "አንተ ልጅ፣ የኔን ዕድሜ የሆነ ቦታ አስገብተሃል?" አላስገባሁም ስላቸው "ጎሽ፣ እንዳታስገባ" ብለው አንድ ሥጋ አጎረሱኝ።

ከወር በኋላ ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት አስተማሪዎች ነበሩ፤ ስለ ጠባዬ፣ ስለ ትውልዴ፣ ስለ ሥራዬ የሚናገሩትን ሲያጠኑ ነው የሰነበቱት። ኦቦ ገመቹ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ያ ሠንጠረዥ ጠፍቷል?" ሽማግሌዎቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ "ይጠፋል" ብለው ቃል ገቡ። ያን ዕለት ከሰዓት ቢፍቱ ፎቶ ቤት መጥታ ከኋላዬ ቆማ እያየች ሃያ አራቱንም ዕድሜ አጠፋሁ። የራሴ መስመር ላይ ስደርስ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ "ይቺን ቀስ ብለህ" አለችኝ። በጣም ደስ ብሎኝ ስለነበር ቁልፉን ማግኘት አቃተኝ። የራሳችንን ሠርግ ቶለሳ ቀረጸው፤ ሁሉንም በእጁ ነው ያቀናበረው፤ ኬኩ አልተነፈሰም።

ኦቦ ገመቹ ከጊዜ በኋላ በቢሮ ዕድሜያቸው ጡረታ ወጡ። አሁን ቤታቸው ስገባ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። "ኧረ አባባ፣ በፈጣሪ!" እያልኩ አጎነብሳለሁ፤ እሳቸውም ያጎነብሳሉ፤ እኔ ዝቅ ስል እሳቸው ይብሳሉ፤ ቢፍቱ መጥታ ሁለታችንንም ትከሻችንን ይዛ እስክታስቀምጠን ድረስ እንዲሁ ነን። እንግዳ ካለ ግራ ይገባዋል። ባለፈው አንድ እንግዳ ሲደነቅ ቆይቶ "ለመሆኑ ኦቦ ገመቹ፣ ዕድሜዎ ስንት ሆነ?" ብሎ ጠየቃቸው።

ኦቦ ገመቹ ኮታቸውን አስተካክለው በጣታቸው እኔን አሳዩት።

"ከአማቼ አንሳለሁ" አሉ።